የልጅነት ጣዕም በአይስክሬም፤ ከቤት ማጀት እስከ ሱቅ ማቀዝቀዣ

ሰው በልጅነቱ የቀመሰውን ነገር እስከ ሽምግልናው አይረሳውም። ከትምህርት ቤት በር ላይ በስኒ ተሰፍሮ የሚሸጥ ቆሎ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ኦቾሎኒ፣ በትኩስ ሻይ ተነክሮ የሚበላ ብስኩት፣ ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣ ይዞት የሚመጣው በሶና ጭኮ፣ እነዚህ ሁሉ ዋጋቸው አነስተኛ ሲሆን በሰው ልብ ውስጥ የያዙት ሥፍራ ግን ሰፊ ነው። ነጋዴም ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ሊያስተውለው ይገባል፤ ገዢ ገንዘቡን የሚያወጣው ለሚያስፈልገው ብቻ ሳይሆን ለሚናፍቀውም ጭምር ነውና።

ይህ ናፍቆት በሌሎች አገሮች ወደ ንግድ ከተለወጠባቸው መንገዶች አንዱ አይስክሬም ነው። የአዲስ አበባ ሰው ከጣሊያንኛ በወረሰው ስም ጄላቲ እያለም የሚጠራው ይህ ቀዝቃዛ ጣፋጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው በቫኒላ፣ በቸኮላትና በእንጆሪ ጣዕሙ ነው። ዳሩ ግን በባሕር ማዶ ከፍተኛ ገበያ ያገኙት አያሌ ዓይነቶች የተወለዱት ከልጆች መክሰስ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተፈተኑትም በትልልቅ ፋብሪካዎች ሳይሆን በትንንሽ መናጫዎችና በጠባብ መደብሮች ውስጥ ነው።

በእኛም አገር ለዚህ ሥራ የሚሆነው ዋና ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ሳይሆን በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ያለው የአገር እህል ነው። ይልቁንም በጾም ወራት የወተት አይስክሬም ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ መብራት እየበላ ባዶውን የሚውል ማቀዝቀዣ ላለው ባለሱቅ ነገሩ ከጨዋታ አልፎ የሒሳብ ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ አሠራሩን፣ ለእያንዳንዱ የልጅነት መክሰስ የሚስማማውን ዘዴና ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ከዚህ በታች በየተራ እንመለከታለን።

በባሕር ማዶ እንዴት ተጀመረ

አይስክሬም በቤት ውስጥ ለመሥራት መንገዱን የከፈተችው መሣሪያ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1843 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ናንሲ ጆንሰን የተባሉ አሜሪካዊት በእጅ መዘውር የሚዞር የአይስክሬም መናጫ ሠርተው የፈጠራ መብት አገኙ። ጨውና በረዶ በተሞላ ባልዲ መካከል ውሑዱን የያዘ ዕቃ ይቀመጣል፤ በውስጡ ያለው መቅዘፊያ በመዘውር ይዞራል። አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ቀድሞ የባለጸጎች ማዕድ ብቻ የነበረውን ጣፋጭ ወደ ተራው ሰው ቤት አገባው።

ከ130 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም.፣ ስቲቭ ሄረል የተባሉ ሰው በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር በሰመርቪል ከተማ ትንሽ የአይስክሬም ቤት ከፈቱ። የተጠቀሙበትም መሣሪያ ያንኑ የጨውና የበረዶ መናጫ በሞተር እንዲዞር አድርገው ያሻሻሉት ነበር። በዚያ ቤት ደንበኛው የሚወደውን ብስኩትና ከረሜላ ይመርጣል፤ የተመረጠውም ከፊቱ ተሰባብሮ ከአይስክሬሙ ጋር ይደባለቅለታል። ከሱቅ ተገዝቶ የሚበላ ተራ መክሰስ ለአይስክሬም ጌጥ መሆን እንደሚችል ይህ ቤት አሳየ።

እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ቤን ኮኸንና ጄሪ ግሪንፊልድ የተባሉ ሁለት ጓደኛሞች በቨርሞንት ክፍለ ሀገር፣ በርሊንግተን ከተማ ውስጥ፣ ቀድሞ የቤንዚን ማደያ በነበረ ቤት ሥራ ጀመሩ። የሙያው ትምህርታቸው በፖስታ የተከታተሉት የ5 ዶላር ኮርስ ብቻ ነበር። ቤን ኮኸን የማሽተት ችሎታቸው ደካማ ስለ ነበረ ጣዕሙን በጥርስ በሚገኝ ነገር ለማጉላት በአይስክሬሙ ውስጥ ትልልቅ ቁራጭ መጨመርን ያዘወትሩ ነበር፤ ይኸውም ጉድለት የድርጅቱ መለያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. አንድ ስሙን ያልገለጸ ደንበኛ ያልተጋገረ የብስኩት ሊጥ እንዲጨመርበት በጽሑፍ ሐሳብ አቀረበ። ልጆች እናታቸው ብስኩት ስትጋግር ከጎድጓዳ ሳሕኑ ጠርገው የሚበሉት ያ ሊጥ በመደብሩ ተሞክሮ ተወደደ፤ ሆኖም በእሽግ ተዘጋጅቶ በሰፊው ለገበያ እስኪወጣ ድረስ እስከ 1991 ዓ.ም. ብዙ ዓመት ተለፋበት።

እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ የጣፋጭ ምግብ ባለሙያዋ ክርስቲና ቶሲ በከፈቱት መደብር የታወቀው ጣዕም ደግሞ ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነው። የአሜሪካ ልጆች ጠዋት ጠዋት የበቆሎ ቅርፊት በወተት ሲበሉ በሳሕኑ ሥር የሚቀረውን ጣፋጭ ወተት ይጠጡታል። ባለሙያዋ የበቆሎ ቅርፊቱን እንደገና ጠበስ አድርገው በወተት ውስጥ በመዘፍዘፍ፣ ከዚያም አጥልለው ጥቂት ቡናማ ስኳርና ጨው በመጨመር፣ ያንኑ የሳሕን ሥር ጣዕም ወደ አይስክሬም ለወጡት።

ከእነዚህ ታሪኮች ሁለት ዘዴዎች ተለይተው ይታያሉ። አንደኛው መክሰሱን ራሱን በቁራጭነቱ መጨመር ነው። ሁለተኛው የመክሰሱን መዓዛ በወተት ውስጥ አውጥቶ እህሉን ማስቀረት ነው። የእኛ አገር መክሰስም ለሁለቱም ዘዴዎች ይስማማል።

የአሠራሩ ምሥጢር

አይስክሬም ከአራት ነገሮች ይገነባል፤ እነርሱም ውኃ፣ ስኳር፣ ስብና አየር ናቸው። ወተት ከመቶ 87 እጅ ያህሉ ውኃ ነው። ውኃው ዝም ብሎ እንዲቀዘቅዝ ቢተው እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ስኳሩ ከጣፋጭነቱ ሌላ የመርጊያውን ነጥብ ዝቅ ስለሚያደርግ ከውኃው ከፊሉ ሳይረጋ ይቀራል፤ አይስክሬም በማንኪያ የሚቆረጠውም ስለዚህ ነው። ስቡ ምላስን ያለሰልሳል፣ መዓዛንም ይይዛል። አየሩ ደግሞ ቀለል ያደርገዋል። በቤት መናጫ 1 ሊትር ውሑድ ብዙውን ጊዜ ከ1.2 እስከ 1.4 ሊትር አይስክሬም ይወጣዋል።

ሥራው ፍጥነትን ይፈልጋል። ውሑዱ ቀስ ብሎ የረጋ እንደሆነ የበረዶው ቅንጣት ትልቅ ስለሚሆን በአፍ ውስጥ እንደ አሸዋ ይሻክራል። ፈጥኖና ያለ ማቋረጥ እየተናጠ የረጋ እንደሆነ ግን ቅንጣቱ ደቅቆ ይለሰልሳል። ቅቤ የሚወጣላትን ቅል የናጠች ሴት ሁሉ የእጇ እንቅስቃሴ የሚሰጠውን ጥቅም ታውቀዋለች፤ በአይስክሬምም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ መናጡ ከብርድ ጋር መሆኑ ብቻ ነው።

የጨውም አገልግሎት ከዚህ ይመጣል። በረዶ ብቻውን ከ0 ዲግሪ በታች አያቀዘቅዝም። በጨው ሲደባለቅ ግን እየቀለጠ ከአካባቢው ሙቀት ስለሚስብ ቅዝቃዜው ወደታች ይወርዳል፤ የዚህም መጨረሻ ከዜሮ በታች 21 ዲግሪ ያህል ነው። በቤት ውስጥ ለ4 ወይም ለ5 እጅ የተከሰከሰ በረዶ 1 እጅ ያልደቀቀ ጨው ይበቃል። ጨው ደግሞ ከአፍዴራ ሐይቅ የሚመረት የራሳችን ዕቃ ነው። በዚህ መንገድ በእጅ የሚዞር መናጫ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሥራውን ይፈጽማል፤ መብራት ቢጠፋም አይቆምም።

መናጫ የሌለው ቤት ውሑዱን በሰፊና ጠፍጣፋ የብረት ሳሕን አድርጎ በፍሪዘር ያስቀምጠዋል፤ በየ30 ደቂቃውም እያወጣ በሹካ ወይም በእጅ መምቻ በብርቱ ያማስለዋል። ከ3 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ልስላሴው በመናጫ ከተሠራው ጥቂት ቢያንስም ጣዕሙን ለመፈተን በቂ ነው።

መሠረታዊው ውሑድ

ለማንኛውም የልጅነት ጣዕም አስቀድሞ ጥሩ መሠረት መኖር አለበት። ለ1 ሊትር ገደማ ውሑድ የሚከተለው ልክ የተመዛዘነ ነው፦ ያልተገፈፈ ወተት 500 ሚሊ ሊትር፣ ክሬም 250 ሚሊ ሊትር፣ ስኳር 150 ግራም፣ የዱቄት ወተት 40 ግራምና አንድ ቁንጥር ጨው። የዱቄት ወተቱ ውኃ ሳይጨምር የወተትን ጥሪት ስለሚያበዛ ውሑዱን ያወፍረዋል። ከዚህ ልክ በላይ ከበዛ ግን ከቆየ በኋላ አሸዋ አሸዋ ይላል።

ክሬም ባልተገኘ ጊዜ 650 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 100 ግራም ጨው የሌለበት የገበታ ቅቤ፣ የ3 እንቁላል አስኳል፣ 150 ግራም ስኳርና 50 ግራም የዱቄት ወተት በቦታው ይተካል። የእንቁላሉ አስኳል ቅቤውን ከወተቱ ጋር ያስማማዋል። ቅቤው መዓዛው ያልተለወጠ መሆን ይገባዋል፤ የቆየ ቅቤ ሽታው በቅዝቃዜ አይደበቅም።

ውሑዱ በዝግታ እየተማሰለ ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ድረስ ይሞቃል። እንቁላል ያለበት ከዚህ በላይ ከሞቀ ይቋጠራል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ማንኪያውን ነክሮ በጀርባው ላይ በጣት መሥመር ይሳልበት፤ መሥመሩ ሳይከደን ከቆየ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ድስቱን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ፈጥኖ ማብረድና በማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ያስፈልጋል። ያደረ ውሑድ ይወፍራል፣ ሲናጥም አየር በደንብ ይይዛል። ለብ ያለ ውሑድ ወደ መናጫ የሚጨምር ሰው በረዶውን ያቀልጣል እንጂ አይስክሬም አያገኝም።

ሌላም ማስታወስ የሚገባ ነገር አለ። ብርድ ምላስን ያደነዝዛል። ስለዚህ ውሑዱ ሲሞቅ ተቀምሶ ጥቂት የጣፈጠ መስሎ ካልታየ ሲቀዘቅዝ ይደበዝዛል።

ቆሎ፣ በሶና ጭኮ

የገብስ ቆሎ ለሁለተኛው ዘዴ፣ ማለት መዓዛን በወተት ለማውጣት፣ እጅግ የተመቸ ነው። ቅመምና ጨው የሌለበት 100 ግራም ቆሎ እንደገና በምጣድ ጥቂት ይሞቅና ሸርከት ተደርጎ ይሰበራል። በ600 ሚሊ ሊትር ትኩስ ወተት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተዘፍዝፎ ይቆያል፤ ከዚያም በወንፊት ይጠለላል። እህሉ ከወተቱ ጥቂቱን ስለሚጠጣ ቀሪው ወደ 500 ሚሊ ሊትር ይመለሳል። ይህም በመሠረታዊው ውሑድ በወተቱ ፈንታ ይገባል። አብዝቶ መጭመቅ አይገባም፤ ስታርቹ ወጥቶ ውሑዱን እንደ ሙቅ ያደርገዋልና። ሙሉ የቆሎ ፍሬ በአይስክሬሙ ውስጥ መጨመርም ስሕተት ነው፤ በብርድ ደርቆ ጥርስ ይጎዳል። ለጌጥ ከተፈለገ ደቆ በሚቀርብበት ሰዓት ከላይ ይነሰነሳል።

በሶ ደግሞ ለመጀመሪያው ዘዴ፣ ለቁራጭ፣ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ። ከላይ የተነገረው የአሜሪካኖች የብስኩት ሊጥ ጥሬ ዱቄትና ጥሬ እንቁላል ስላለበት በሽታ የሚያመጡ ተሕዋስያን ሊገኙበት ይችላሉ፤ ለሽያጭ የሚያዘጋጁትም ዱቄቱን አስቀድመው በሙቀት ማከም፣ እንቁላሉንም በሙቀት የታከመ ማድረግ ግድ ሆኖባቸዋል። የእኛ በሶ ግን አስቀድሞ ከተቆላ ገብስ የተፈጨ ስለሆነ ሳይጋገር የሚበላ ዱቄት ነው። ሌላው በመሣሪያ የደረሰበትን ነገር የአገራችን እናቶች በምጣድ ፈጽመውታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ 80 ግራም በሶ፣ 40 ግራም የቀለጠ ቅቤ፣ 25 ግራም ማርና አንድ ቁንጥር ጨው አብሮ ይታሻል። እንደ ሽምብራ ፍሬ እየተደረገ በሳሕን ላይ ተበትኖ በፍሪዘር ይደርቃል። አይስክሬሙ ተንጦ ሊያበቃ ሲል ይጨመርና ሁለት ሦስት ጊዜ ተማስሎ ይቆማል። የጭኮ ወዳጅ የሆነ ሰው የነጠረ ቅቤ ከጥቂት ኮረሪማ ጋር ቢጠቀም የአገር ቤቱን ጣዕም ያገኘዋል። ማሩ ከጣፋጭነቱ ሌላ ቁራጩ በብርድ እንደ ጠጠር እንዳይደርቅ ያግዛል። ነገር ግን የመሠረቱን ስኳር በሙሉ በማር መተካት አይገባም፤ ማር የመርጊያውን ነጥብ ከስኳር ይበልጥ ዝቅ ስለሚያደርግ አይስክሬሙ ልል ሆኖ ይቀራል። ከስኳሩ ሩቡን ብቻ መተካት ይበቃል።

ብስኩትና ዳቦ ቆሎ

ደረቅ መክሰስ በአይስክሬም ውስጥ የሚያጋጥመው ጠላት እርጥበት ነው። ብስኩትና ዳቦ ቆሎ ባዶውን የገባ እንደሆነ ቀናት ሳያልፉ ይለሰልሳል። ይህን ለመከላከል ቁራጩን በቀለጠ ቸኮላት ወይም በቀለጠ ቅቤ ለውሶ ማድረቅና ከዚያ መጨመር ያስፈልጋል፤ ስቡ እንደ ዝናብ ልብስ ሆኖ ውኃውን ይመልስለታል። ለብስኩት ግን መለስለሱ ራሱ ጥቅም የሚሆንበት ጊዜ አለ። በሻይ የተነከረ ብስኩት የሚናፍቅ ሰው 10 ግራም ሻይ ቅጠል ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር በመሠረቱ ወተት ለ5 ደቂቃ ብቻ ይዘፍዝፍ፤ ካጠለለም በኋላ ውሑዱን ንጦ በመጨረሻ 80 ግራም የተሰባበረ ብስኩት ያለ ምንም ሽፋን ይጨምርበት። ሻዩ ከዚህ በላይ ከቆየ ይመርራል።

የጾም አይስክሬም

ለባለሱቅ ትልቁ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የገና ጾም ከ40 ቀን በላይ ነው፤ ፍልሰታ 15 ቀን ነው። ሦስቱ ብቻ ተደምረው ከ110 ቀን ይበልጣሉ። ከዚህም ሌላ፣ ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀኖች በስተቀር፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ከወተትና ከእንቁላል በቀር ሌላ ዕቃ የሌለው የአይስክሬም ንግድ በነዚህ ቀኖች ከጿሚው ደንበኛ ይለያያል፤ የማቀዝቀዣው ወጪ ግን አይጾምም።

ደግነቱ የኢትዮጵያ ማጀት ያለ ወተት ወተት መሥራትን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ሱፍ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦና በውኃ ተበጥብጦ ሲጠለል የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ለፍትፍት የሚውል የታወቀ የጾም ምግብ ነው። ለአይስክሬም የመጀመሪያው ወፍራም ውኃ ይወሰዳል። ለ700 ሚሊ ሊትር የሱፍ ውኃ 150 ግራም ስኳር፣ 20 ግራም የበቆሎ ስታርች፣ 50 ግራም ሽታ የሌለው የምግብ ዘይትና አንድ ቁንጥር ጨው ተጨምሮ እስኪወፍር ድረስ እየተማሰለ ይፈላል። ትኩስ እንዳለ በመፍጫ በብርቱ ይመታል፤ ዘይቱ ከውኃው ጋር እንዲዋሐድ ነው።

ከሱፍ ይልቅ ወፍራምና ገንቢ የሚሆነው ኦቾሎኒ ነው። 200 ግራም የተቆላና የተላጠ ኦቾሎኒ እንደ ቅቤ እስኪሆን ይፈጫል። 600 ሚሊ ሊትር ውኃ ከ150 ግራም ስኳር፣ ከ15 ግራም ስታርችና ከቁንጥር ጨው ጋር ፈልቶ ይወፍርና ከኦቾሎኒው ጋር በመፍጫ ይዋሐዳል። የኦቾሎኒ ግማሽ ያህሉ ስብ ስለሆነ ውሑዱ ከመቶ 10 እጅ ገደማ ስብ ይኖረዋል፤ ይህም የወተት አይስክሬም ካለው ጋር ይቀራረባል። ሰሊጥም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ዳሩ ግን መራራነት ስላለው መጠኑ ወደ 120 ግራም መቀነስ አለበት፤ የጎደለውም ስብ በዘይት ይሞላል። በሶውም በቅቤ ፈንታ በዘይት ከታሸ የጾም ቁራጭ ይሆናል።

የጾም ውሑድ የወተት ፕሮቲን ስለሌለው ውኃው ቶሎ ይለያል። ለዚህ መድኃኒቱ ከስታርቹ ሌላ ተልባ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ፈልቶ ሲጠለል የሚወጣው ሙጫ መሰል ውኃ በውሑዱ ውስጥ ሲገባ ውኃውን አስሮ ይይዘዋል፤ የበረዶውም ቅንጣት እንዳያድግ ያግዛል። ተጨማሪው ውኃ ከላይ ከተነገረው የውኃ ልክ ላይ መቀነስ አለበት።

ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ተብሏል። አይስክሬም ተበልቶ እስኪያልቅ ድረስ ዳግመኛ እሳት ስለማያገኝ ንጽሕናው ከመጀመሪያው መጠበቅ አለበት። ብርድ ተሕዋስያንን ያስተኛቸዋል እንጂ አይገድላቸውም። ስለዚህ ወተቱና እንቁላሉ በሙቀት ሳያልፉ ወደ መናጫ መግባት የለባቸውም። ውሑዱም ከተዘጋጀ በኋላ ሳይበርድ በማጀት ውስጥ መዋል አይገባውም።

ኦቾሎኒ የተለየ ምርመራ ይፈልጋል። በእርጥበት የተቀመጠ ኦቾሎኒ አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ ይህም መርዝ ጉበትን የሚጎዳ ሲሆን በመቁላት ፈጽሞ አይጠፋም። የጠቆረ፣ የተጨማደደና የሻገተ ፍሬ አስቀድሞ መለቀም ይኖርበታል፤ ከዚህ ይልቅ ግን የሚበጀው በደረቅ መጋዘን ካስቀመጠ የታመነ ነጋዴ መግዛት ነው። ለባቢሌና ለአካባቢው የኦቾሎኒ ነጋዴዎችም የደረቅ አቀማመጥ ዋጋ ከዚህ ይታያል። እንዲሁም ኦቾሎኒና ሰሊጥ ለሚጎዳቸው ሰዎች ትንሽ መጠን እንኳ ብርቱ ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል፣ ለሽያጭ በሚቀርበው ዕቃ ላይ ስማቸው በግልጽ ይጻፍ። አንዱ ማንኪያ ከአንዱ ጣዕም ወደ ሌላው እንዳይዘዋወር ይጠንቀቁ።

የማስቀመጫው ልክ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው። መብራት ጠፍቶ ቀልጦ የነበረ አይስክሬም እንደገና በረግቶ ለደንበኛ መቅረብ የለበትም። የበረዶው ቅንጣት አድጎ መሻከሩ ትንሹ ጉዳት ነው፤ ትልቁ ጉዳት የደንበኛው ጤናና የመደብሩ ስም ነው። ማቀዝቀዣው በሞላ መጠን ብርዱን ይዞ ይቆያል፤ ባዶ ቦታውን በውኃ በተሞሉና በረጉ ጠርሙሶች መሙላት መብራት በጠፋ ሰዓት ይጠቅማል።

ለነጋዴው የሚሰጠው ጥቅም

ይህን ሥራ ለመጀመር የሚፈልግ ባለሱቅ አስቀድሞ በቤቱ 1 ሊትር ሠርቶ፣ ለዘመድና ለጎረቤት አስቀምሶ፣ የወጣበትን ወጪ እስከ መጨረሻው ሳንቲም ይመዝግብ። በሒሳቡም ውስጥ መብራት፣ በረዶ፣ የወረቀት ኩባያና የቀለጠው ኪሳራ ይግቡበት። ሽያጩን ግን በሊትር ሳይሆን በክብደት ቢያስበው ይሻለዋል፤ አይስክሬም አየር ስላለበት ሁለት እኩል ኩባያዎች በክብደት እጅግ ሊለያዩ ይችላሉ። በአሜሪካ ሕግ አይስክሬም ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ በሊትር ከ540 ግራም ገደማ እንዳያንስ፣ የወተት ስቡም ከመቶ 10 እጅ እንዳይወርድ የተወሰነው ለዚሁ ነው። በቤት የተናጠ አይስክሬም ከዚህ ይከብዳል፤ ከባድነቱም ከአየር ጋር ለሚነግደው ተወዳዳሪ መልስ ይሆናል። የጾሙ ዓይነት ወተት ስለሌለበት ስሙ ላይ «የጾም» የሚለው ቃል በግልጽ ይግባ፤ ለጿሚው ይህ ቃል ከማናቸውም ማስታወቂያ ይበልጣል፤ የሚታመነውም የጾሙ ማንኪያና መናጫ ከፍስኩ ተለይተው ሲቀመጡ ነው። ከቤት አልፎ ለሕዝብ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ተገቢውን የንግድ ፈቃድና የጤና ብቃት ማረጋገጫ አስቀድሞ ማውጣት ይገባዋል።

አይስክሬም የማይሠራው ባለሱቅም ከዚህ የሚያገኘው አለ። ያልደቀቀ ጨው፣ የዱቄት ወተት፣ ስታርች፣ ቫኒላ፣ ሽታ የሌለው ዘይት፣ ንጹሕ በሶና የተለቀመ ኦቾሎኒ በየማዕዘኑ ተበታትነው ከሚቀመጡ በአንድ መደርደሪያ ቢሰበሰቡ ገዢዋ አንዱን ልትገዛ መጥታ ሰባቱን ይዛ ትሄዳለች።

አስመጪው በበኩሉ በእጅ የሚዞሩና በሞተር የሚሠሩ ትንንሽ መናጫዎችን፣ የምግብ ቴርሞሜትሮችንና ክዳን ያላቸውን ኩባያዎች ሊያስብ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሠፈር የእጅ መዘውሩ ከሞተሩ ይልቅ ዋስትና እንዳለው ግን አይዘንጋ። መለዋወጫ የሌለው መናጫ ማስመጣትም ደንበኛን ለአንድ ወቅት ብቻ መግዛት ነው።

ላኪውም ከነገሩ ውጭ አይደለም። ከሑመራና ከመተማ የሚመጣው ሰሊጥ አብዛኛው በጥሬው ወደ ውጭ ይላካል፤ ተፈጭቶ፣ ታሽጎና ስም ወጥቶለት የሚያስገኘው ትርፍ ለሌላው ይቀራል። ቆሎና በሶ በአሜሪካና በእስራኤል ባሉ የኢትዮጵያውያን መደብሮች ገዢ ያላቸው ዕቃዎች ናቸው። እነዚያ ገዢዎች ልጆቻቸው የሚያድጉት በአይስክሬም አገር ነው። ንጽሕናው የተጠበቀ በሶ «ለአይስክሬም የሚሆን» ተብሎ፣ አሠራሩ በእሽጉ ጀርባ ላይ ታትሞ ቢላክ፣ አንዱ እሽግ ለወላጁ ትዝታውን፣ ለልጁ ደግሞ አዲስ ጣዕም ይወስዳል።

ባሕር ማዶ ያሉት ነጋዴዎች የልጆቻቸውን የሳሕን ሥር ወተትና የሊጥ ጠርዝ ሳይንቁ ሀብት አደረጉት። የእኛው ቆሎ፣ በሶና ሱፍ ከዚያ በምንም አያንሱም፤ በጾም ወራትም ከዚያ ይበልጣሉ። መጪው ጾም ከመግባቱ በፊት አንድ ሊትር የኦቾሎኒ ውሑድ ለመፈተን የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ዛሬ በመደርደሪያው ላይ አለ፤ የጎደለ ቢኖር የጨውና የበረዶ ባልዲ ብቻ ነው።